ደረጃ ሠሪው ስንት ደረጃ ይወጣል?

ማክሰኞ ረፋድ
ከሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ደጃፍ

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድሜ፣ ለኔው ማሙሽ፦

ሳሉ ለቀቀህ ወይ? የሲሚንቶ መኪናው ሾፌር ባለፈው ሲመጣ «ያ ልጅ ያስላል» ብሎኝ ስለነበር ከሁሉ አስቀድሜ እሱን መጠየቅ አማረኝ። እዚያ የመንገድ ሥራው ካምፕ ድንኳን ውስጥ ነው የምትተኛው አሉ። ደረትህን ሸፍን። እኔ እንደሆንኩ ደረት የሚባል ነገር የሚያስፈራኝ ሰው ሆኛለሁ።

ስልክህን ሞክሬያለሁ። አንዳንዴ አይጠራም፤ ሲጠራም አይነሳም። አልተቀየምኩም። ብታነሳውም እኔ በስልክ አፌ እንደሚተሳሰር ታውቃለህ፤ ገና «ሃሎ» ስል ሐሳቤ ጥሎኝ ይጠፋል። ወረቀት ላይ ግን ትንሽ ሰው እሆናለሁ። ፊደሉንም ያገኘሁት አንተ ትምህርት ቤት ስትውል ጥለኸው ከምትሄደው የተቀዳደደ መጽሐፍና አባባ ምስማር ከሚጠቀልሉበት ጋዜጣ አይደል? ሾፌሩ ከቀትር በኋላ ይነሳል። እሱ እስኪመጣ ከነርሷ እስክሪብቶ ለምኜ፣ ጉልበቴን ጠረጴዛ አድርጌ ይኸው እጽፍልሃለሁ።

አባባ በዚህ በር ውስጥ ናቸው። ኦፕራሲዮን ላይ ናቸው።

ነገሩን አለሳልሼ ባመጣው ደስ ባለኝ፤ ግን አንተ ገና ፖስታውን ስትቀድ «ማን ሞተ?» ብለህ እንደምትጀምር አውቃለሁ። ማንም አልሞተም። ይህን መስመር ስጽፍ ማንም አልሞተም። ቡአቸው አንጀታቸውን አንቆ ይዞባቸዋል። ካልተሠራ የታነቀው አንጀት ይሞታል፣ ይዟቸውም ይሄዳል። ሲሠራ ደግሞ ልባቸው ላይችለው ይችላል። ሐኪሞቹ የነገሩኝ ይኸው ነው፤ ስለ ልባቸው ደግሞ አንተ ምንም የምታውቀው ስለሌለ ከሥሩ ልጀምርልህ።

አምና አንድ ቀን አባባ መጋዝ እንደያዙ ላብ አጠመቃቸው። «ምሳው ከብዶኝ ነው» ብለው ጎናቸውን አሳረፉ፤ ማታ ተነስተው መላጊያቸውን ሲስሉ አገኘኋቸው። እኔም ምሳውን አቀለልኩ። ያ የምሳ ነገር ልባቸው ላይ ጠባሳ ጥሎ እንዳለፈ ያወቅነው ዘንድሮ ነው። ከዚያ ወዲህ ጫማ ሲያወልቁ እግራቸው ላይ የካልሲው ክር ታትሞ ይቀራል። ትራስ ደራርበው፣ ተቀምጠው ነው የሚተኙት። ስጠይቃቸው «ጀርባዬን ነው» ይላሉ።

ደግሞ ደረጃው አለ። ከወርክሾፑ እስከ ቤታችን ያለውን፣ በእጃቸው የሠሩትን ደረጃ ሲወጡ አባባ በየመታጠፊያው ይቆማሉ። ጎንበስ ብለው መደገፊያውን በመዳፋቸው ይዳስሳሉ፣ መርገጫውን በተረከዛቸው መታ መታ ያደርጉና ጆሯቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። «ይቺ ልትላቀቅ ነው» ይላሉ። ከኋላ የሚመጣው ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ምድር ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ፣ አንደበቷን ታውቀዋለህ፣ «ጋሽ ውሃ ልክ፣ ይህን ደረጃ ለባለቤቱ መቼ ነው የሚያስረክቡት?» ትላቸዋለች። «ሥራ አያልቅም፣ አንቺ ያንቺን ስፊ» ይሏታል። ጎረቤቱ ሁሉ «እኚህ ሰውዬ በዚህ ዕድሜያቸው!» እያለ በትጋታቸው ይደነቃል።

እኔ ግን እጃቸውን አየሁት። አይዳስስም፤ ጨብጦ ይይዛል። ከንፈራቸውም ይጠቁራል። ባሌም፣ ወንድምህ፣ እንዲሁ ያደርግ ነበር።

ቡአውን ለብዙ ጊዜ በቆዳ ቀበቶ አስረው ደብቀውናል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ባሾፍባቸው ያምርብኝ ነበር፤ ግን ምራት አማቷ ላይ አታሾፍም። በመጨረሻ ሕመሙ ሲጠናባቸው ከሦስት ወር በፊት እዚህ አመጣኋቸው። ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ወጣት ነው፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ሲገባ አባባ ክንዴን ነካ አድርገው «ይሄማ የኛው ሰው ነው» አሉኝ። በአንድ እርሳስ ወደዱት። የጠየቃቸውንም ሁሉ እንደ ጨዋታ መለሱለት።

«አባት፣ ልብዎን አሞዎት ያውቃል?»

«ልቤን ያሳመሙኝ ልጆቼ ናቸው።»

«ደረትዎን ወጋ የሚያደርግዎት ነገርስ?»

«የሚወጋኝ ስንጥር ነው፤ እሱም ጣቴን።»

«ሁለት ፎቅ ደረጃ መሀል ላይ ሳይቆሙ ይወጣሉ?»

አባባ ይህን ሲሰሙ ከልባቸው ሳቁ። «የኔ ልጅ፣ ደረጃ ሠሪ እኮ ነኝ! ዕድሜዬን የጨረስኩት ደረጃ ላይ ነው። ዓሣንም ትዋኛለህ ወይ ብለህ ጠይቀው እስቲ!» ሐኪሙ ሳቀ። መርፌ የምታዘጋጀው ነርስም ሳቀች። ሐኪሙ እርሳሱን አውርዶ ሊጽፍ ጎንበስ አለ።

ማሙሽ፣ ያችን ሌላዋን ክፍል አንተም አልረሳሃትም። ወንድምህ የሐሞት ጠጠሩን ሊያስወጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ አንተ መስኮቱን ተደግፈህ፣ እኔ ካፖርቱን ይዤ። ያኔም ይኸው ጥያቄ ተጠየቀ። ከመካከላችን አንዱ «እሱ ደረጃ ላይ ነው የተወለደው!» አለ፤ ሁላችንም ሳቅን። ማን እንዳለው እዚህ አልጽፈውም። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ አባባም አያውቁም፣ ከኔም አይሰሙም። ደግሞ የተባለው ውሸት አልነበረም። ደረጃ ሠሪ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ደረጃ ላይ ነው። ግን አይወጣውም፤ ይቀመጥበታል። አንዱን መርገጫ ሲጨርስ መቀመጫውን ወደሚቀጥለው ያሸጋግራል፤ ከታች ተነስቶ ላይ ለመድረስ ሳምንት ይፈጅበታል። ይህን የሚያውቅ እኛ ቤት ያደረ ሰው ነው እንጂ ሐኪም ከየት ያመጣዋል? ወንድምህ በየመታጠፊያው እንደሚቆም የማውቀው ደግሞ አስቤዛ ተሸክሜ ከኋላው የምቆመው እኔ ነበርኩ። «ምን ይገትርሃል፣ ክንዴ ተገነጠለ» እለው ነበር። ያን ቀን ካፖርቱን እያጣጠፍኩ ዝም አልኩ። ኦፕራሲዮኑ አማረ፤ ነቅቶም ቀለደ። በማግስቱ ልቡ ቆመ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት እንዲህ ያለውን ይመስለኛል።

ስለዚህ ሐኪሙ ሊጽፍ ጎንበስ ሲል «ዶክተር፣ ይቅርታ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ይቆማሉ። በየመታጠፊያው ይቆማሉ። የሚተኙትም ተቀምጠው ነው።»

አባባ ዞረው አዩኝ። «ደረጃውን እያየሁ ነው የምቆመው!»

«አባባ፣ ደረጃው ምንም አልሆነም» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ሐኪሙ እርሳሱን አስቀምጦ ሱሪያቸውን ገለጥ አደረገና ቁርጭምጭሚታቸውን በአውራ ጣቱ ተጫነ። ጣቱን ሲያነሳ ጉድጓዱ እንደ ሊጥ ባለበት ቀረ። ወደ ልብ ሐኪሟ ላከን። እሷም ልጅ እግር ናት፣ ዓይኗ ግን ያረጀ ነው። ደረታቸውን በመሣሪያ እየዳበሰች ልባቸውን ቴሌቪዥን በሚመስል ነገር አሳየችን። አንደኛው ጎን ያንቀላፋ ይመስል አይንቀሳቀስም።

«አንዱ ምሰሶ ላልቷል በይኛ» አሏት አባባ።

«እንደዚያ ነው አባት።»

«ታዲያ ይጥበቃ! ደግሞስ ቡአዬ ከልቤ ምን አገናኘው? የሚቀደደው ታች ነው።»

«አባት፣ እርስዎ አንድ ክፍል ለማደስ ግድግዳውን ሲደበድቡ ሸክሙ የሚያርፈው የት ነው?»

በራሳቸው እንጨት ነው የመታቻቸው። ቀስ ብላ ያስረዳችን እንዲህ ነው፤ ማደንዘዣው የደም ግፊትን ያወርዳል፣ ደም ይፈስሳል፣ ሕመሙ ልብን ያስሮጣል፤ ጤነኛ ልብ ይህን ሁሉ ይከፍላል፣ የደከመ ልብ ግን ኪሱ ባዶ ነው። «መጀመሪያ በሰውነታቸው የተጠራቀመውን ውሃ በክኒን እናውጣው፣ ልባቸው ይረጋጋ፣ ከዚያ ቡአው በደህና ቀን ይሠራል» አለች። ቀጠሮው ተላለፈ።

አባባ ኩርፊያቸውን ታውቃለህ። ከኔ ጋር መነጋገር አቆሙ። አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠን ጨው ሲፈልጉ ወደ ግድግዳው ዞረው «በዚህ ቤት ጨው ጠፋ?» ይላሉ። ለልብስ ሰፊዋም «ምራቴ አፏን ዕድሜዋን ሙሉ ዘግታ ኖራ ሄዳ ሐኪም ፊት ከፈተችው» ብለው አሙኝ። እሷ ደግሞ ያንኑ ዕለት አምጥታ ነገረችኝ፤ ሳቋን እንኳ አልቀነሰችም። ክኒኑን ግን በየጠዋቱ ከመዳፌ ያነሱ ነበር። ዓይኔን ሳያዩ፣ እንደ ወፍ ለቀም አድርገው።

ክኒኑም ሠራ። እግራቸው ጎደለ፣ ጫማቸው ሰፋቸው። አንድ ጠዋት አልጋቸውን ሳነጥፍ ከትራሶቹ አንዱ መሬት ወርዶ አገኘሁት፤ በሌላ ቀን ሁለተኛው። ጋደም ብለው መተኛት ጀምረው ነበር። ያን ሰሞን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ልደብቅህ አልችልም። ኩርፊያቸውንም ወደድኩት። ጨው ጨምሬ ሳይሆን ጨው ቀንሼ አቀርብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ለግድግዳው ይከሳሉ፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እስቃለሁ። በሕይወቴ አንድ ነገር በሰዓቱ የተናገርኩ መሰለኝ።

የቀጠሮው ሳምንት ሊደርስ ሲል፣ ትናንት፣ ስለተሻላቸው ጣውላ አነሱ።

ሌላ ምክንያት የለውም፤ ስለተሻላቸው ነው። እኔ የለመንኳቸው ክኒን ትንፋሽ ሰጣቸው፣ ትንፋሹ ጉልበት ሰጣቸው፣ በጉልበቱ ጣውላ አነሱበት። ቡአው ወጣ፤ ሲገፉት አልመለስ አለ። እንደ ልማዳቸው በቀበቶ ጠፍረው አስረው ለማንም ሳይናገሩ አደሩ። ዛሬ ጠዋት ክኒኑን ይዤ ስገባ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ወለሉ ላይ አስታውከው፣ ቀበቶው እንደታሰረ አገኘኋቸው። ቀበቶውን ስፈታ እጄን ያዙኝና «ዛሬስ ምን ብለሽ ልትነግሪያቸው ነው?» አሉኝ። ከዚያ ሁሉ ኩርፊያ በኋላ ያነጋገሩኝ በዚህ ነው።

ሐኪሙ ሆዳቸውን ነካ፤ ፊቱ ተለወጠ። «አሁን የምንመርጠው ነገር የለም» አለኝ። «በቀጠሮ ከሚሠራ በድንገት የሚሠራው ለልባቸው ይከብዳል። ከተውነው ግን ነገን አያዩም።» እንዳልጠይቀው ራሴን ይዤ ነበር፤ አልቻልኩም። «ያን ቀን ዝም ብል ኖሮስ? ያኔ ቢሠራስ?» አልኩት። ጆሮው ላይ ያለውን እርሳስ ነካካው። «አላውቅም እናቴ» አለኝ። «ያኔም ሊሞቱ ይችሉ ነበር፤ አሁንም ይችላሉ። እርስዎ ስለነገሩን ማደንዘዣ የሚሰጠው ሰው ምን እንደሚጠብቅ አውቆ ነው የሚገባው። ከዚህ በላይ ብነግርዎ ዋሽቼ ነው።» እሱን አልወቅሰውም። ግን አየኸው? አንድ ጊዜ ዝም አልኩ፣ አንድ ጊዜ ተናገርኩ፤ ሁለቱም መንገድ ያደረሰኝ ይኸው በር ላይ ነው።

እንደምታውቀኝ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። የክኒኑን ማሸጊያ ወረቀት፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጩ የገዛሁትን የነርሶች መማሪያ፣ ሁሉን። የሚያስፈራው ይህ በር ብቻ እንዳልሆነ የተረዳሁት ከዚያ ነው። ብዙው ሰው ከቢላዋው ሥር ደህና ይወጣል፤ አደጋው በሚቀጥሉት ጥቂት ቀናት ተደብቆ ይመጣል። የሕመም ማስታገሻው ሰውነትን ስለሚያደነዝዝ ልብ ሲጮህ ባለቤቱ ላይሰማው ይችላል። ወንድምህ «ምንም አላመመኝም» ብሎኝ ሲስቅ ትዝ ይልሃል? አንብቤ ያተረፍኩት የምፈራውን በስሙ መጥራት ነው። ምን እንደማደርግ የሚል ገጽ አላገኘሁም። ወንበር ላይ ተቀምጬ በር አያለሁ።

አንድ ነገር ልንገርህና ልጨርስ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር አባባን በቃሬዛ በደረጃው ነው ያወጧቸው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ወፍራም ነው፤ «አባት፣ ምን በልተው ነው እንዲህ የከበዱት?» ይላቸዋል እያለከለከ። «ጨው የሌለው ምግብ» አሉት። በዚያ ሕመም ውስጥ ሆነው እጃቸውን ከአንሶላው አውጥተው መደገፊያውን እየዳሰሱ ይሄዳሉ። «ብረት ነው» አሉ በንቀት። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ «ቁሙ» አሉ።

«አባት፣ ፍጠኑ ነው የተባልነው» አለ ወፍራሙ።

«ቁም አልኩህ! ትንፋሽህን አትሰማውም እንዴ? ልብ አይቀለድበትም።»

ቆሙ። አንድ ሁለት ትንፋሽ ያህል ነው። ወፍራሙ ሰውዬ ላቡን በትከሻው ጠረገ። አባባ አንገታቸውን ወደኔ አዞሩ፤ ከዚያ ከሐኪሙ ክፍል ወዲህ ዓይኔን ሲያዩኝ የመጀመሪያቸው ነው። «ደረጃው ምንም አልሆነም» አሉኝ፤ ቀስ ብለው፣ ለኔ ብቻ።

በሩ ጋ ስንደርስ እጄን አልለቅ አሉ። «ልጄ ደወለ?» አሉ።

እኔ ቃል ቶሎ እንደማይመጣልኝ ታውቃለህ። ዛሬ ግን መጣልኝ። «ደውሏል» አልኩ።

«ምን አለ?»

«ሲነቁ አጠገባቸው ነኝ ብሏል።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሎኝ ነበር። «መንገዱ ሩቅ ነው» አሉ። «ሳይቸኩል ይምጣ በይው። እያረፈ።» ከዚያ ወሰዷቸው።

እንግዲህ ማሙሽ፣ ደውለሃል ማለት ነው፤ ይህንም ብለሃል። ሳላስፈቅድህ በአፍህ ተናገርኩ፤ ሰው በሌላው አፍ ሲናገር የሚመጣውን እያወቅኩ ተናገርኩ። ከነቁና ከጠየቁኝ መንገዱ ተበላሽቶበት ነው እላቸዋለሁ። በማግስቱም ያንኑ እላለሁ። ከዚያ በኋላ ምን እንደምል ግን አላውቅም።

የወንድምህ ካፖርት በራችን ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። ብል እንዳይበላው በየጊዜው አራግፈዋለሁ። ያኔ ከቀብሩ ማግስት ሻንጣህን ይዘህ ስትወጣ ላንተ ይሰፋህ ነበር፤ አሁን ልክህ ይመስለኛል። ቁልፉም ያው የድሮው ቦታ ነው።

አንተን ያሳደግኩበት እጄ ይባርክህ። የምትሠራው መንገድ ይቅናህ፤ የምትሄድበትም ይቅናህ። ወጥተህ ስትገባ ክፉ አይይህ። ደረትህን ሸፍን።

እትዬህ

ሾፌሩ ከታች ጥሩምባ እየነፋ ነው። በሩ አሁን ተከፍቶ ብድግ አልኩ፤ ነርሷ ናት፣ ፎጣ ልትወስድ። «ገና ናቸው» ብላኝ ተመለሰች። ምናልባት ራሳቸው ቢጠይቁህ እንዳይምታታብህ፤ የደወልከው ዛሬ ጠዋት ነው። ድምፅህ ደህና ነበር። አላሳለህም።